ጠባብ ሐዲድ በሰፊው ሐዲድ አጠገብ

(በሞዴል ባቡር ጠረጴዛችን ላይ የሜትር ሐዲድ ስለ መጨመር በተማሪዎችና በመምህራን ፊት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ስንልም ለትሕትና ያህል አይደለም፤ ነገሩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለ ሆነ ነው። በሞዴል ባቡር ጠረጴዛችን ላይ እስከ ዛሬ የሚሮጠው ባቡር አንድ ዓይነት ነው፤ ሐዲዱም አንድ ስፋት ብቻ አለው። አሁን ያቀረብነው ሐሳብ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ፣ ጠበብ ያለ ሐዲድ ከነባቡሩ ከነፉርጎው እንዲጨመር ነው።

ሐሳቡ ከተሰማ ጀምሮ ሦስት ዓይነት መልስ አግኝተናል። አንዳንዱ «ይጨመር፤ ያምራል» ይላል። ሌላው «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አገር በኤሌክትሪክ ባቡር መሄድ ከጀመረ በኋላ የአሮጌውን ባቡር አጽም ማንሣት ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ተቃዋሚዎቻችን ሲሆኑ አንዱ ደጋፊያችን ነው። እኛን ግን ይበልጥ የሚያሰጋን ደጋፊው ነው። ያምራል ተብሎ ብቻ የተዘረጋ ሐዲድ ለአንድ ወር ይታያል፤ ከዚያ በኋላ አቧራ ይለብሳል። ጠባቡ ሐዲድ በጠረጴዛው ላይ የሚገባው ሥራ ሲኖረው ነው፤ ሥራ ከሌለው ግን ባይጨመር ይሻላል። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ማስረጃው ነው።

በቅድሚያ አንድ ማስታወሻ፤ በንግግሩ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሐዲድ ስፋት ማለት በሁለቱ ብረቶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ነው። በዓለም ላይ ካሉት የባቡር መንገዶች አብዛኞቹ 1,435 ሚ.ሜ. ስፋት አላቸው፤ ይህም መደበኛው ስፋት ይባላል። ከዚህ ያነሰው ሁሉ ጠባብ ሐዲድ ነው። በዌልስ አገር የድንጋይ ንጣፍ ለማውረድ በ1836 የተከፈተው የፌስቲኒዮግ መንገድ ስፋቱ 597 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። ሲጀመር ፉርጎዎቹ ቁልቁለቱን በራሳቸው ክብደት ይወርዱና ባዶአቸውን በፈረስ ይጎተቱ ነበር፤ በእንፋሎት መሥራት የጀመረው በ1863 ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ዊሊያም ጃክሰን ፓልመር በ1870 የመሠረተው የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ኩባንያ የመረጠው ስፋት 3 ጫማ፣ ማለት 914 ሚ.ሜ. ነበር። ጣሊያኖች ከምጽዋ ተነሥተው በ1911 አስመራ ያደረሱት መንገድ 950 ሚ.ሜ. ነው። የእኛው የጅቡቲና የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ 1,000 ሚ.ሜ. ወይም አንድ ሜትር ነበር።

ጠባብ ሐዲድ የሚመረጥበት ምክንያት በየአገሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ተራራና የገንዘብ እጥረት ነው። ጠባብ ሐዲድ ጠበብ ባለ ክብ ይዞራል። ስለዚህ ተራራውን በመብሳት ፈንታ ይዞረዋል፤ ገደሉንም በመሙላት ፈንታ ጥጉን ይዞ ያልፋል። ድልድዩ ይቀልላል፤ ብረቱ ይቀጥናል፤ ባቡሩም ያንሳል። ለአልፍሬድ ኢልግ የመንገዱ ፈቃድ በ1894 ከዐፄ ምኒልክ ተሰጠ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ለሆነ መንገድ ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በቀጭን ብረትና በጠባብ ሐዲድ ይህን ያህል ከፈጀ፣ በሰፊው ቢሆን ስንት ይፈጅ እንደ ነበር ማሰብ ነው።

ነገር ግን ርካሽ ነገር በኋላ ዋጋውን ያስከፍላል። የጠባብ ሐዲድ ዕዳ የሚታየው ከሰፊው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በኮሎራዶ አላሞሳ በምትባል ከተማ ሁለቱ ስፋቶች ይገናኙ ነበር። ከጠባቡ የመጣ ዕቃ ወደ ሰፊው ለማለፍ አንድ በአንድ ወርዶ እንደገና መጫን ነበረበት። ይህን ለማቃለል በአንዳንድ ቦታ ሦስተኛ ብረት ዘረጉ፤ አንዱ ብረት የጋራ ሲሆን ሌሎቹ ሁለቱ ለየስፋታቸው ያገለግላሉ። የጠባቡ ሎኮሞቲቭ የሰፊውን ፉርጎ መጎተት ሲኖርበት የሁለቱ ማያያዣዎች በአንድ መስመር ስለማይውሉ፣ ለሁለቱም የሚሆን ማያያዣ ያለው አማካይ ፉርጎ በመካከላቸው ይገባ ነበር። ስዊሶችና ጀርመኖች ደግሞ ሌላ ዘዴ አገኙ፤ ሰፊውን ፉርጎ እንዳለ በጠባብ ሐዲድ በሚሄድ ዝቅተኛ ጋሪ ላይ ጭነው ይወስዱታል። ፉርጎ ፉርጎን አዝሎ ሲሄድ ለሚያይ ሰው ያስቃል፤ ለወዛደሩ ግን ብዙ ድካም ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ለጠረጴዛችን የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው። የጠባቡ ሐዲድ ውበት ያለው በተራራው መዞሪያ ላይ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገር ያለው ሁለቱ ስፋቶች በሚገናኙበት ጣቢያ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችን ከተራራው ሳይሆን ከዚያ ጣቢያ መጀመር አለበት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጠያቂ እንመለስ። አሮጌውን ባቡር ማንሣት ለምን? እንደሚታወቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ መደበኛ ስፋት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ በ2016 ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎቱን በ2018 ጀመረ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የሜትር ሐዲድ አገልግሎት ግን ከዚያ በፊት በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቆሟል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የጣቢያዎቹ ቦታ ነው። አሮጌው መንገድ እስከ ከተማው ልብ ይገባ ነበር፤ በ1929 የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ በአዲስ አበባ መካከል ነው፤ የድሬዳዋም ጣቢያ እንዲሁ በከተማው ውስጥ ነው። እንዲያውም ድሬዳዋ ራሷ በጣቢያው ዙሪያ የተወለደች ከተማ ናት። የአዲሱ መንገድ ጣቢያዎች ግን ከከተማ ወጣ ብለው ተሠርተዋል፤ በአዲስ አበባ በኩል ያለው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ ፈጣን ባቡር ቀጥ ያለ መንገድና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

እንግዲህ በጠረጴዛችን ላይ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። አሮጌው የሜትር ሐዲድ ከከተማ ውጭ ካለው አዲስ ጣቢያ ተነሥቶ ሰውንና ዕቃን ወደ ከተማው መካከል የሚያደርስ አጭር መንገድ ሆኖ ቢያገለግል ኖሮ ምን ያስፈልገው ነበር? ስንት ፉርጎ? ስንት ሰው? ስንት ደቂቃ? ይህ በእውነቱ ዓለም አልተደረገም፤ መደረግ ነበረበት ብለንም አንከራከርም። በኢኮኖሚክስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ምናልባት አያዋጣም ይሉ ይሆናል። ቢሉም ደስ ይለናል፤ ግን በቁጥር ይበሉት። ሞዴል ማለት እኮ ያልተደረገውን ነገር ሚሊዮን ብር ሳይወጣ መመርመሪያ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠባቡ ሐዲድ አጽም መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ የሰፊው ሐዲድ ፉርጎ 60 ቶን፣ አንድ የጠባቡ ፉርጎ ደግሞ 20 ቶን ይጭናል እንበል። የአንዱን ጭነት ለመቀበል ሦስት ጠባብ ፉርጎ መቆም አለበት። ሰፊው ፉርጎ 14 ሜትር ቢረዝም በእኛ ልክ 16 ሣ.ሜ. ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጠባብ ፉርጎ 10 ሜትር ቢሆን ሦስቱ 35 ሣ.ሜ. ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ በመገናኛው ጣቢያ የጠባቡ ሐዲድ መቆሚያ ከሰፊው በእጥፍ መርዘም ይኖርበታል ማለት ነው። ይህን ሳያሰላ ጣቢያውን የሚሠራ ሰው ሁለቱን መቆሚያ እኩል ያደርጋቸዋል፤ የመጀመሪያው ባቡር ሲገባ ግን ማራገፉ በመካከል ይቆማል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ስሌቱ ቀላል ነው። 1,435ን ለ87 ብናካፍል 16.5 ሚ.ሜ. እናገኛለን፤ አሁን ያለው ሐዲዳችን ስፋት ይኸው ነው። 1,000ን ለ87 ብናካፍል 11.5 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ በሞዴል ሠሪዎች ስምምነት ይህ ወደ 12 ሚ.ሜ. ተጠግቷል። የ12 ሚ.ሜ. ሐዲድና መንኰራኩር ለማግኘት ሁለት በር አለ። አንደኛው ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ለስዊስ የሜትር ሐዲድ ባቡሮች ሞዴል የሚሠራው ዕቃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከእውነተኛው 120 ጊዜ ያነሰው የቲ.ቲ. ልክ ነው፤ የእርሱ መደበኛ ሐዲድ 12 ሚ.ሜ. ስለሆነ የታችኛውን ሞተርና መንኰራኩር ከእርሱ ወስዶ የላይኛውን አካል በእኛ ልክ መሥራት ይቻላል። ለተማሪ ኪስ ይህ ሁለተኛው ይሻላል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን 9 ሚ.ሜ. ሐዲድ እንዲገዛ መክረውናል፤ በብዛት የሚገኝና ርካሽ ስለ ሆነ ነው። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን 9 ሚ.ሜ. በእኛ ልክ ሲባዛ 783 ሚ.ሜ. ይሆናል። ይህም ለኦስትሪያና ለጀርመን ትንንሽ መንገዶች ይስማማል፤ ለእኛው መንገድ ግን አይስማማም። ርካሽ ተገኘ ተብሎ ታሪክ አይጠብም።

ሐዲዱን በሚመለከት ከስፋቱ ሌላ ውፍረቱም ይታሰብበት። ብዙ ጊዜ በሱቅ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ ቁመቱ 2.5 ሚ.ሜ. ነው። ይህ በ87 ሲባዛ ከ21 ሣ.ሜ. ይበልጣል፤ ከከባዱ የዕቃ መንገድ ብረት እንኳ የሚበልጥ ነው። ለጠባቡ ሐዲድ 1.4 ሚ.ሜ. ይበቃል፤ ይህም 12 ሣ.ሜ. ያህል ቁመት ያለው ብረት ይወክላል። የዓይን ፍርድ ፈጣን ነው፤ ብረቱ ከወፈረ የፈለገውን ያህል ያማረ ባቡር ቢሄድበት መጫወቻ ይመስላል። ከብረቱ ሥር የሚጋደመውም የእንጨት መልክ ሳይሆን የብረት መልክ ይኑረው፤ የእኛው የሜትር መንገድ በብረት አግዳሚ ላይ የተዘረጋ ነበርና።

ስለ ሦስተኛው ብረት ብዙ ተጠይቀናል። በጣቢያው ውስጥ ሦስት ብረት ጎን ለጎን ሲታይ ደስ እንደሚል አንክድም። ነገር ግን 16.5 ሲቀነስ 12፣ ቀሪው 4.5 ሚ.ሜ. ነው፤ የብረቱ ራስ ውፍረት ሲቀነስለት 3.5 ሚ.ሜ. ገደማ ይተርፋል። የሰፊው መንኰራኩር ከንፈር በዚህ ቀዳዳ ውስጥ ማለፍ አለበት። ቀጥ ባለው መንገድ ይህ ይቻላል፤ በሐዲድ መለወጫው ላይ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ብረት ሌሎቹን ማቋረጥ ስላለበት ሥራው ለጀማሪ ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ብረት አይኑር እንላለን። ሁለቱ ሐዲዶች በአንድ የማራገፊያ መደብ ግራና ቀኝ ይቁሙ። የጠባቡ ፉርጎ ወለል ከሰፊው ዝቅ የሚል ከሆነ የጠባቡ ሐዲድ ከሥሩ በቀጭን ጣውላ ከፍ ይበል፤ የሁለቱ ወለል ከመደቡ ጋር እኩል ሲሆን ሠራተኛው ጆንያውን ሳያነሣ ሳይጥል ይሻገራል። በሁለተኛው ዓመት መለወጫ የሌለው አንድ ሜትር ባለሦስት ብረት መንገድ ለልምምድ ይሠራ።

በነገራችን ላይ፣ ስፋታቸው የሚቀራረብ ሐዲዶች ለመገናኘት ይቀላቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የአስመራው 950ና የአዲስ አበባው 1,000 ልዩነታቸው 50 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። ይህ የአንድ ብረት ራስና የመንኰራኩር ከንፈር ጎን ለጎን የሚይዝ ቦታ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች ቢገናኙ ኖሮ እንኳ በሦስት ብረት አንድ ሊሆኑ አይችሉም ነበር፤ አራት ብረት ወይም ሙሉ መለያየት ያስፈልጋቸዋል። አርባ ምንጭ ድረስ የሚያከራክር ነገር በአምስት ሣንቲ ሜትር ውስጥ አለ።

ስለ መዞሪያና ስለ ዳገት። ለሰፊው ባቡር በጠረጴዛችን ላይ የክቡ ግማሽ ስፋት ከ60 ሣ.ሜ. እንዳያንስ አድርገናል፤ ለጠባቡ 35 ሣ.ሜ. ይበቃዋል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሰፊው ሊገባበት በማይችለው የጠረጴዛ ጥግ ጠባቡ ዞሮ ይወጣል። ዳገቱ በመቶ ሦስት ቢሆን በ4 ሜትር መንገድ ውስጥ 12 ሣ.ሜ. ይወጣል፤ ይህም ከሰፊው ሐዲድ በላይ በድልድይ ለመሻገር ይበቃል። ከዚያ ቢበልጥ ትንሿ ሎኮሞቲቭ ከሦስት ከአራት ፉርጎ በላይ መሳብ ያቅታታል። መንገዱን ሁሉ ለማሳየት የሚመኝ ካለም ስሌቱን ይወቅ፤ 784 ኪሎ ሜትር በእኛ ልክ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እኛ የመረጥነው ሁለት ጣቢያና በመካከላቸው አንድ ዳገት ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ለክፍሉ ተማሪዎች የተተወ ነው፤ ሁለት ነገር ግን እናስታውስ። አንደኛ፣ ትንሽ ሎኮሞቲቭ መንኰራኩሯ ጥቂት ስለ ሆነ በሐዲዱ ላይ ትንሽ አቧራ ሲኖር ኃይል ይቋረጥባታል። መድኃኒቱ ከኋላዋ ካለው ፉርጎም ኃይል እንድትቀበል በሽቦ ማያያዝ፣ አካሏንም በእርሳስ ማክበድ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ባቡሮች ለየብቻ እንዲታዘዙ ሁለት መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። በዲጂታል ዘዴ ግን እያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ የራሷ ቁጥር ስላላት በአንድ መቆጣጠሪያ ሁለቱንም ማዘዝ ይቻላል። ወደ ሦስተኛው ብረት በተሻገርን ጊዜ ይህ ዘዴ ከብዙ ሽቦ ያድነናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ላለው ጓደኛችን መልሳችን አጭር ነው። የሚገዛው ሐዲዱ፣ ሁለት የሐዲድ መለወጫ፣ አንድ ባለሞተር የታች አካልና መንኰራኩር ብቻ ይሁን። ፉርጎዎቹ ከካርቶንና ከቀጭን ጣውላ ይሠሩ፤ ጣቢያው፣ ተራራው፣ የውኃ ማጠራቀሚያው በእጃችን ይሠራ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገዛም፤ በየደረጃው ይሂድ። በመጀመሪያ ባቡር ከመገናኛው ጣቢያ ወጥቶ አንድ ሜትር ሄዶ ይመለስ። ያለ ችግር አንድ መቶ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ሁለተኛው ሜትር ይዘርጋ። ይህን ስንል አሮጌውን መንገድ የሠሩትን ሰዎች መምሰላችን ነው፤ እነርሱም ድሬዳዋ ሲደርሱ አዲስ አበባን ገና አላዩም ነበር።

የቀረን አንድ ነገር አለ፤ እርሱ ግን በገንዘብ አይገዛም። ለትክክለኛ ሞዴል የፉርጎው ቀለም፣ የማያያዣው አሠራር፣ የጣቢያው የሥራ ሰዓት፣ የባቡር ፊሽካው ምልክት መታወቅ አለበት። ስለ ኮሎራዶ ጠባብ ሐዲድ ይህን የሚፈልግ ሰው መጻሕፍትና ሥዕሎች ሞልተውለታል። በ1882 የተከፈተው የዱራንጎና የሲልቨርተን መንገድ ዛሬም መንገደኛ ያመላልሳል፤ ሌላውን ቁራጭ ደግሞ የኮሎራዶና የኒው ሜክሲኮ ግዛቶች በ1970 ገዝተው አድነውታል። የእኛው መንገድ እውቀት ግን አብዛኛው የሚገኘው በሠሩበት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። በድሬዳዋ ጥገና ቤት ያደጉ፣ የሐዲዱን ጠባይ እንደ ልጃቸው ጠባይ የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዋሽ ለዕረፍት የሚሄድ ሁሉ ደብተር ይዞ ይሂድ። አንድ አባት ቢያገኝ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ምን ትጭኑ ነበር? የት ታራግፉ ነበር? ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? ሲጠይቅም እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ፣ «አባባ፣ ያስተምሩኝ» ብሎ ይጠይቅ።

በመጨረሻም የሥራ ድርሻውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ዳገቱንና ድልድዩን ይያዙ። የኤሌክትሪክ ተማሪዎች መቆጣጠሪያውን ይያዙ። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የመገናኛውን ጣቢያ ሒሳብ ይያዙ፤ አያዋጣም የሚሉም ከሆነ ማስረጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ያሳዩን። የታሪክ ተማሪዎች የሽማግሌዎቹን ቃል ይሰብስቡ። መምህራኖቻችን ደግሞ ስንሳሳት ዝም እንዳይሉን እንለምናለን። እንዲህ ከተካፈልነው ጠባቡ ሐዲድ ሥራ ያገኛል።

ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፤ መቁረጫና ማስመሪያ ያለው ደግሞ ይዞ ይምጣ።